ቤዛ የሣለችው ቋጠሮ

ሥራ የገባሁ ቀን ሌላም ሴት አብራኝ ተቀጠረች። ቤዛ ትባላለች። ድርጅቱ ሰንጋ ተራ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ የሶፍትዌር ቤት ነው። ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ለሁለታችን አንድ ጠረጴዛ ሰጡንና «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ብርቱዋ እኔ እያለሁ የምን ሁለት ነው አልኩ በሆዴ።

ሥራችን ንድፍ ነው። ፕሮግራመሩ ኮድ ከመጻፉ በፊት ሲስተሙ ውስጥ ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ በሥዕል እናሳየዋለን። ሥዕሉ ዩኤምኤል የሚባል የራሱ ቋንቋ አለው። ሳጥኑም፣ ቀስቱም፣ መስመሩም በየሀገሩ ያለ ባለሙያ የሚያነበው ትርጉም አለው።

ቋንቋው አንድ ደግ ጠባይ አለው። ለያዝከው ሥራ የሚጎድል ምልክት ካለ የራስህን መጨመር ትችላለህ፤ የማይፈቀደው ነባሩን ማፍረስ ብቻ ነው። የሚጨመረውን ምልክት ስቴሪዮታይፕ እንለዋለን፤ ምልክቶቹ አንድ ላይ ሲደራጁ ደግሞ ፕሮፋይል ይባላሉ። የድርጅታችንን ፕሮፋይል የማዘጋጀት ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ቀለም መረጥኩ፣ ምልክት ሣልኩ፣ ለእያንዳንዱ ደንብ ጻፍኩለት። የንድፍ ክፍል ኃላፊ የሚመረጠው በዚህ ሥራ እንደሆነ አቶ ደረጀ ነግረውን ነበር። እኔማ ወንበሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴ አድርጌ አየሁት።

ቤዛ ደግሞ እንዲህ ናት። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ታክሲ አጣሁ እያለች ሁልጊዜ አርፍዳ ትመጣለች። ሳጥኗ ጠማማ ነው፣ ቀስቷ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። ደንበኛ ግን እሷ ካልገባች ስብሰባ አይጀምርም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኧረ ገብቶኛል፣ መናገር አልፈልግም እንጂ።

ከዚያ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያሉ እድሮች ተባብረው የአባላት ሲስተም እንድንሠራላቸው ጠየቁን። ንድፉን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ በግቢያቸው የጋራ መሰብሰቢያ፣ ኮሚናሉ ውስጥ፣ ፕሮጀክተሩን ነጭ ግድግዳ ላይ አብርቼ። እያንዳንዱ አባል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አለው፤ በሙያችን የሕይወት መስመር ነው የሚባለው። አባሉ ሲሞት መስመሩ ጫፉ ላይ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበት ይዘጋል። እኔ ደግሞ ለማሳመር ኤክሱን ቀይ ቀብቼው ነበር።

የእድሮቹ ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው። ያ ቀዩ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አባሉ ሲሞት ሲስተሙ መስመሩን እዚያ ላይ እንደሚዘጋው ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ የእድር ሥራ እኮ ሰው ሲሞት ነው የሚጀምረው። አንቺ እዚያ ላይ ሰረዝሽን።»

ቤቱ ተንጫጫ። ዓለም አቀፍ ደንብ መሆኑን አስረዳሁ። ደንቡን በተመለከተ ልክ ነበርኩ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀውም አልነበረም። ጋሽ ወልዴ ግን ባል ሲሞት ሚስት፣ ሚስት ስትሞት ልጅ በዚያው አባልነት እንደሚቀጥል ነገሩኝ። ባሏን የቀበረች ሴት እንደ አዲስ ገቢ ልትመዘገብ ነው ወይ ብለውም ጠየቁኝ።

ቤዛ ተነሥታ ማርከር ያዘች። መስመሩ የሰውዬው ሳይሆን የአባልነቱ ነው አለች። ባል የሞተበት ቦታ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ሣለች። ከቋጠሮው በላይ የባልን ስም፣ ከሥሩ የሚስትን ስም ጻፈች፣ መስመሩንም ቁልቁል ቀጠለችው። ጎኑ ላይ «ውርስ» ብላ ጨመረች። ከነባሩ ደንብ አንድም አልፈረሰም፤ አንዲት ስቴሪዮታይፕ ብቻ ተጨመረች።

ጋሽ ወልዴ እንዲህ ነው እንጂ አሉ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ፕሮፋይሉ የእኔ፣ ቀለሙ የእኔ፣ የደከምኩት እኔ፤ አፋቸው ላይ የቀረው ስም ግን የእሷ ነው። በታክሲ ስንመለስ ቆሎ ዘግና ብትሰጠኝ ጥርሴን ያመኛል አልኳት።

ቅናት እንቅልፍ ይነሳል ይላሉ። እኔን ግን ሥራ አሠራኝ። ያንን ቋጠሮ የምፈታበትን ቀዳዳ ለማግኘት ጋሽ ወልዴ ዘንድ ተመላልሼ ስለ እድሩ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። በመጨረሻ አገኘሁት። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ዘመድ የላትም፤ እንዲህ ያለች አባል ስትሞት ከቋጠሮው ሥር የሚጻፍ ስም የለም።

አቶ ደረጀ ባሉበት የቢሮ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ አሳየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የቤዛን ፊት ነበር የማየው። እሷ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና ልክ እንደሆንኩ ተናገረች፤ መስመሩን የት እንደምወስደውም ጠየቀችኝ። ጋሽ ወልዴ የነገሩኝን ደገምኩ። ወራሽ ለሌለው ሰው ቤተሰቡ እድሩ ነው፤ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ይቀበላል። ስለዚህ መስመሩን ወስጄ ከእድሩ መስመር ጋር አገናኘሁት። የመገናኛዋም ምልክት ፕሮፋይሉ ውስጥ ገባች።

ወንበሩን ቤዛ ወሰደችው። አቶ ደረጀ ቢሯቸው ጠርተው፣ እኔ ምልክቱን እንደማውቅ፣ እሷ ደግሞ ሰዎቹን እንደምታውቅ ገለጡልኝ። እርስዎ ያሉት ይሁን ብዬ ወጣሁና ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሌላ ቦታም ማመልከት ጀመርኩ።

ቤዛ ኃላፊ ሆና የሠራችውን የመጀመሪያ ንድፍ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ ፈትሺልኝ ብላ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ዓመታት አለፉ፣ እኔም ሳልለቅ ቀረሁ። አንድ ቀን ታክቶኝ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያለ ለምን እኔ ላይ ብቻ እንደምትከምር ጠየቅኋት። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ መለሰችልኝ።

«እንደምትቀኚብኝማ አውቃለሁ፣ ሰኒ። እነሱ ስለሚወዱኝ አይተው ጥሩ ነው ይሉኛል። አንቺ ጥፋቴን ሳታገኚ አትነሺም።»

የዚያን ቀኑን ንድፍ ተቀበልኩ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥፋት አገኘሁባት፣ በቀይ አክብቤ መለስኩላት። ዛሬም እቀናባታለሁ፤ ዛሬም ሥራዋ በእኔ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ንድፋችሁን በሚወዳችሁ ሰው አታስፈትሹ።