የወርሳሜ እግርና የዘርፈሽ ጎመን

ወርሳሜ ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያ ውስጥ ጫማ ሲሸጥ ሃያ ዓመት አልፎታል። የስኳር ሕመም እንዳለበት ሲነገረው ከሻዩ ላይ ስኳሩን አነሳና ነገሩ ያለቀ መሰለው። ምሳው ያው ተራራ የሚያህል ሩዝ ከነሙዙ፣ ማታ ደግሞ እነሱ ባስታ የሚሉት ፓስታ። ሚስቱ ዳሃቦ ቀንስ ስትለው፣ ስኳር ትቻለሁ አይደል እንዴ ብሎ ይቆጣል። ግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣችው ቁስል ግን ቁጣውን ከምንም አልቆጠረችውም።

የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ጾም ሊገባ ሰሞን የምትከታተለው ሐኪም ቁርጡን ነገረችው። በሦስት ወር ውስጥ ስኳሩ ካልወረደ ጣቱ ይቆረጣል። ሩዙም ባስታውም ሆድ ሲገቡ ስኳር ይሆናሉ፤ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጎመንና ምስር ይብዛ። ወርሳሜ ቤቱ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የፈረደባት ዳሃቦ ጎመን ቀቅላ ብታቀርብለት አንዴ ጎርሶ ገፋው።

ጎረቤታቸው ዘርፈሽ የባቡር ሠራተኛ የነበረው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሁለቱ ቤቶች አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በጾም ምግብ ግን ሳህን ይለዋወጣሉ። ዘርፈሽ ወሬውን ስትሰማ በየቀኑ ምስርና በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ ጎመን፣ ከቁራሽ የማሽላ እንጀራ ጋር ትልክ ጀመር። ወርሳሜ መጀመሪያ አጉረመረመ። በሳምንቱ ሳህኑ ሲዘገይ በር በሩን ያይ ነበር፤ አይ የሰው ነገር! መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ፣ ቁስሉን እያሳጠበ ጾሙ አለቀ። ስኳሩ ወርዷል፤ ቁስሉ ግን ገና አልደረቀም።

ፋሲካ ሲደርስ ወርሳሜን ፍርሃት ያዘው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና አርብ እንኳ እንደማይጾም ያውቃል። ሁለት ወር ሙሉ የጾመችን ሴት፣ ዶሮሽን ትተሽ ጎመን ሥሪልኝ እንዴት ይላል? በበዓሉ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ዘርፈሽ የሐበሻ ቀሚሷን እንደለበሰች ሳህን ይዛ ገባች።

«ብላ፣ ጎመን ነው። ድስቱን ለአንተ ብዬ ነው የገዛሁት፤ ሥጋ አልነካውም» አለችው።

ሊመርቃት አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው።

ሳህኑ አልቀረም። ሦስቱ ወር ሲሞላ ሐኪሟ ጣቱን አገላብጣ አየችና መቁረጥ እንደማያስፈልግ ነገረችው። ወርሳሜ ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም፤ በቀጥታ ሄዶ የዘርፈሽን በር አንኳኳ። ደጃፏ ላይ ጫማውን አወለቀና ሁለቱንም እግሮቹን አሳያት።

«ቁጠሪያቸው እህቴ፤ አሥሩም አሉ» አላት።