የምስኪን ድርሻ

ትናንት የአረፋ ዕለት የጎረቤቴ ልጅ አንኳኩታ ፌስታል ሰጠችኝ። ውስጡ ትኩስ የበግ ሥጋ ነበር። ሽታው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ ከተማ ወደነበረን ጠባብ አፓርትመንት መለሰኝ።

ያኔ ከደሴ የመጡት የአባቴ አጎት፣ አባባ ሰይድ፣ የአረፋውን ሥጋ ሦስት ቦታ ከፈሉት። "ይኼ ለቤት፣ ይኼ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ይኼ ለምስኪን" አሉ።

"ምስኪኖቹማ እኛ ነን" አልኩ። ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ለአባቴ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። የችግረኛ ልጆች ምሳ በነፃ ይበላሉ ይላል፤ ስሜም አለበት።

አባባ ሰይድ ተቆጡ። "እናት አባትሽ አሉ፣ እኔም አለሁ! ምን ሆንሽና ነው ምስኪን?" ፌስታሉን አስይዘው ማዶ ወዳለው ቤት፣ ወደ ነጩ ሽማግሌ ላኩኝ።

"እሱማ ጀልባ አለው እኮ!"

"ጀልባውን ይብላ? እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በሩን ያንኳኳ ሰው አላየሁም። ሂጂ!"

ሽማግሌው ፌስታሉን ከፍቶ አየና "ለምን ለእኔ?" አለኝ። መልሱን በእንግሊዝኛ ቀርቶ በአማርኛም አላውቀውም ነበር። ጫማዬን አየሁ።

ትናንት ግን ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ብቻዬን ከምኖርበት ቤት ፊት አዲሱ መኪናዬ ቆሟል። ለስጦታው የሚመረቀው ምርቃት ጠፍቶኝ፣ ልጅቷን "ለምን ለእኔ?" አልኳት።

"እማዬ ስጪ ስላለችኝ" አለች በእንግሊዝኛ፣ ጫማዋን እያየች።

የጎረቤት ድርሻ ይሁን የምስኪን፣ መጠየቅ ፈራሁ።