በጭብጨባ የተከፈተው የሂዳያ ጆሮ

ስማ! የሰማህም ላልሰማው አሰማ! ያልሰማህም ብትሆን አትጨነቅ፤ ሰምተሃል ተብሎ ይጻፍልሃል!

በአርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ መጥረጊያሽን በብብትሽ፣ ባልዲሽን በእጅሽ የያዝሽ፣ ከሦስተኛ ክፍል የተመረቅሽ የጽዳት ሠራተኛዋ ረቢያ ሆይ! ከዚህ ግንቦት ወር ጀምሮ ልጅሽ ሂዳያ ትሰማለች ተብሎ ተወስኗል። ውሳኔው የጸደቀው ያለ አንድ ድምፅ ተቃውሞ፣ በሙሉ ጭብጨባ ነው። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር የወሰደባትን ጆሮ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሪፖርት መልሶላታል። ቅሬታ ካለሽ ለሚመለከተው ክፍል አቅርቢ። የሚመለከተው ክፍል ግን ተማሪ ስለሌለው ተዘግቷል።

አዋጁ ይኸው ነው። ረቢያ ይህን የሰማችው የውሃ ትሪ በሁለት እጇ ተሸክማ፣ በሰው በተሞላ አዳራሽ መሀል ነበር። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ሴትዮዋን እንወቃት።

ረቢያ በሐይቁ ዳር ወዳለው ትምህርት ቤት የገባችው ለመጥረግ አይደለም፣ ለመስረቅ ነው። ሂዳያ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ ሽታው የሚባል፣ እጁ እንደ ሸንበቆ የረዘመ የአምባሰል ሰው መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንዲት ክፍል ከፈተ። ከየመንደሩ ሃያ ሦስት ልጆች መጡ። ረቢያ ልጇን አስገብታ በሳምንቱ በመስኮት ብታይ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የእናቷን ቀሚስ ከመጎተት በቀር ንግግር ያልቀረላት ልጅ በእጇ አንድ ነገር ትናገራለች። አጠገቧ ያለችው ልጅ ትስቃለች። ረቢያ ምን እንደተባለ አላወቀችም። ልጅ ቋንቋ አገኘች፣ እናት ማይም ሆነች።

በወሩ ረቢያ በጽዳት ተቀጠረች። ሌላውን ክፍል በመጥረጊያ ዳበስ ዳበስ ታደርግና ባልዲዋን ይዛ ወደዚያች መስኮት ትሄዳለች። ትወለውላለች፤ ታያለች። ጨርቁን ትጨምቃለች፤ እያየች። በደቡብ ወሎ ምድር እንደዚያች መስኮት የተወለወለ መስታወት አልነበረም ቢባል ሐሰት አይሆንም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከልጇ ጋር መነጋገር ቻለች፤ በሁለተኛው ዓመት መጣላት ቻለች። ከዚህ በላይ የቋንቋ ብቃት የት አለ? ባሏ ሀምዱ ሽንኩርቱን አጠጥቶ ሲገባ እናትና ልጅ በእጅ ሲጨቃጨቁ ያገኝና፣ «አልሀምዱሊላህ፣ ጭቅጭቅ እንዲህ ዝም ብሎ ከሆነ ምን አለብኝ» ይል ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ግን ርዕሰ መምህር ዋለ መጣ። ዋለ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ያስታውቃል። ዋለ መስመር የሚወድ ሰው ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ ሰቀለ፤ በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ፈላጊ ተማሪዎች አዝማሚያ» ብሎ ጻፈ። ፍልስፍናው አጭር ነው፦ ድጋፍ ከተሰጠ ችግር ይቀንሳል፤ ችግር ከቀነሰ ባለችግሩ ይቀንሳል፤ ባለችግሩ ከቀነሰ ትምህርት ቤቱ ይሸለማል።

የሠንጠረዡም መስመር ቁልቁል ወረደ። የሽታው ክፍል «አካቶ ትምህርት» በሚል ስም ታጠፈና ልጆቹ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተበተኑ። የመምህሩን ጀርባ ሲያዩ ውለው መግባት የሰለቻቸው ቀሩ። ሃያ ሦስቱ አሥራ አራት ሆኑ። ከትምህርት የቀሩትን ዋለ «ችግራቸው የተፈታ» በሚለው ሥር አሰፈራቸው። ሽታው ራሱ በእድገት ወደ ሐይቅ ከተማ ቢሮ ተወሰደ። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የልዩ ፍላጎት ሪፖርት ማጠናቀር። የምልክት ቋንቋ የሚችለው አንድ ሰው፣ የምልክት ቋንቋ የሚችል ስንት ሰው እንዳለ እንዲጽፍ ከልጆቹ ተነጠለ! አሥራ አራቱ ስድስት፣ ስድስቱ አንድ ሆኑ።

አንዷ ሂዳያ ናት። አልቀረችም። እናቷ በየማታው የጓደኞቿን ደብተር እየለመነች፣ ያልገባትን እያስነበበች፣ በእጇ እየተረጎመች ስምንተኛ ክፍል አደረሰቻት። የዋለ መስመር መሬት ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ሂዳያ ከሥር ሆና ደግፋ ይዛዋለች።

የትምህርት ጉባኤው ቀን ከሐይቅ ከተማ እንግዶች መጡ። ሁለት መቶ ሰው አዳራሹን ሞላ። ከበሮ የበዛበት ዘፈን ተለቀቀ። ሂዳያ እንደ ልማዷ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄዳ መዳፏን ሳጥኑ ላይ ለጠፈች። ከበሮው በእጇ ይገባል፣ በክንዷ ይወጣል፣ ትከሻዋን ይነቀንቃታል። ዋለ ከመድረክ ላይ አያት። ዓይኑ በራ። ማይክሮፎኑን ጨብጦ እንዲህ አለ፦

«ክቡራን እንግዶች፣ በተደረገው ያልተቋረጠ ድጋፍ፣ ዘንድሮ የድጋፍ ፈላጊ ተማሪዎቻችን ቁጥር ዜሮ ደርሷል! የመጨረሻዋ ተማሪ ይቻትላችሁ፣ በሙዚቃ እየተወዛወዘች!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሂዳያ ሰው ሁሉ ወደሷ ዞሮ ሲያጨበጭብ አየች። ደስ አላት። ሽታው እንዳስተማራት ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ጣቶቿን አርገበገበች፤ መስማት የተሳናቸው ሲያጨበጭቡ እንዲህ ነው። ከዚያ በሰው መሀል እናቷን ፈልጋ፣ «ምን ተባለ?» አለቻት በእጇ።

ረቢያ ሁለቱም እጆቿ ትሪ ይዘዋል። ያን ጊዜ እሷ ነበረች ዲዳዋ። ትሪውን መሬት አስቀምጣ ቀና ስትል ደግሞ እጇ የሚለው ጠፋው።

እንግዶቹ ምሳ ሲገቡ ዋለን በቢሮው በር ላይ ያዘችው።

«ጋሽ ዋለ፣ ልጄ መቼ ነው የሰማች?»

«በዓይንሽ አላየሽም እንዴ ስትወዛወዝ?»

«በመዳፏ እኮ ነው! ወላሂ፣ ኋላዋ ነጋሪት ቢጎሰም ዞር አትል!»

«ረቢያ፣ አንቺ ደግሞ! ሌላ ወላጅ ልጅሽ ዳነች ቢባል ሰደቃ ያወጣል፤ አንቺ ታኮርፊያለሽ።»

«ፈተናውስ? ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። በምልክት የሚነግራት ሰው ማን ይመደብላታል?»

ዋለ ሠንጠረዡን አየ፣ እሷን አየ። «ለዜሮ ተማሪ አስተርጓሚ አይመደብም» አላት፤ በርኅራኄ።

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ፈታኙ «ገጽ ግለጡ፣ አቁሙ» ይላል እንጂ አይጽፍም። ልጇ ምን እንደተባለ ለማወቅ ጎረቤቷን ማየት አለባት። ጎረቤቱን ያየ ደግሞ ኮረጀ ተብሎ ወረቀቱን ተነጥቆ ይወጣል። የዘጠኝ ዓመት መስኮት መወልወል እዚያች አንገት መዞር ላይ ሊያልቅ ነው።

በማግሥቱ ሂዳያን ይዛ በባጃጅ ሐይቅ ወረደች። የፈተናው አስተባባሪ ወይዘሮ ስህን ፋይል ገልጣ፣ «ትሰማለች ይላል» አለቻት።

«እቻትልሽ፣ ቆማለች፤ ፈትኛት!»

ስህን ተነሥታ ከሂዳያ ጀርባ ሄደች። የቢሮውን ከባድ ማኅተም አንሥታ ጠረጴዛው ላይ በኃይል መታችው። በኮሪደሩ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ደንግጠው አንገታቸውን አስገቡ። ሂዳያ በመስኮት የሚያልፈውን ሚኒባስ እያየች ነው።

«አየሽ?» አለች ረቢያ።

«አየሁ፣ እህቴ። ምን ያደርጋል፣ ወረቀቱ አላየም።»

ይኼኔ ሂዳያ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሰው አየችና እየሮጠች ሄደች። ሽታው ነው። እጆቿ እንደ ክንፍ ተርገበገቡ፦ መምህር፣ የት ጠፋህ፣ ፈተና ደረሰብኝ፣ ትመጣለህ አይደል?

ረቢያም ተከትላ፣ «ጋሽ ሽታው» አለች፣ «ዜሮውን ማን ጻፈው?»

ሽታው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አጠናቀርኩት እንጂ አላመነጨሁትም።»

«ልጅቷን ታውቃታለህ! በስምህ አይደል ስም መጻፍ የጀመረች!»

ሂዳያ እጁን እጁን ታያለች። እነዚያ እንደ ሸንበቆ የረዘሙ እጆች ቀስ ብለው ተነሡ፣ አንድ አፍታ አየር ላይ ቆሙ፣ ከዚያ ሁለቱም ኮት ኪስ ውስጥ ገቡ። ሂዳያ ወደ እናቷ ዞረች። «ለምን አፉን ዘጋ?» አለች።

ረቢያ በጦርነቱ ጊዜ ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ ሰምታለች። ያን ጊዜ እንኳ እንደዚህ ቀን አልደነገጠችም።

ስህን በኋላ አዘነችና መላ ፈለገች። ከትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ የሆኑ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት እማኞች ልጅቷ እንደማትሰማ ከፈረሙ፣ አርብ ከጁምዓ በፊት ከደረሰ፣ አስተርጓሚ ይታዘዛል። «ሽታውስ?» ብትላት፣ «የቢሮ ሰው በቢሮ ሪፖርት ላይ አይመሰክርም» አለች። ሦስት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጠቻት።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ዘበኛው አምሳሉ ፈረመ። «ደወሉን የምመታው እኔ ነኝ» አለ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስመታ፣ ሌላው ሲሮጥ አይታ የምትሮጠው እሷ ብቻ ናት። ከሥራ ቢያባርሩኝ ደወሉን እነሱ ይምቱት!»

ሁለተኛው ላይ የወላጆች ተወካይዋ እትዬ ተሾመች አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። እሷና ረቢያ አንድ ቅሬ፣ አንድ እድር ናቸው፤ ለቅሶም ሠርግም አብረው ይውላሉ። «ረቢያ፣ እታለም፣ ለሞተ ሰው ስንቆም የኖርን፣ በቁሟ ለቀበሯት ልጅ አልቆምም?» አለች።

ለሦስተኛው መስመር ረቢያ መምህራኑን ዞረች። የፊዚክሱ መምህር ሙነወር፣ «እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ እንደማውቅ ግን ባይታወቅ ይሻለኛል» አላት። የእንግሊዝኛዋ መምህርት አለቀሰች፤ እንባዋ ወረቀቱን ነካው፣ እስክሪብቶዋ ግን አልነካውም። ሌላው ደግሞ ሳቅ ብሎ፣ «ባጨበጨብኩበት እጄ?» አለ። ይህኛው ቢያንስ እውነቱን ተናገረ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ በጠዋት ረቢያ ሐይቅ ከተማ፣ ቢሮው በር ላይ ትቆማለች። ወረቀቱ በእጇ፣ ልጇ በጎኗ። ሁለቱ መስመር ሞልቷል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ነበረ። ሁለት መቶ ሰው አራት መቶ እጅ አለው። ታዲያ የተከበሩ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ የያዙበትን እጅ እስቲ ገልብጠው ይዩት። ያን ቀን ያጨበጨበ ከሆነ፣ ከጁምዓ በፊት እባክዎ ብቅ ይበሉና በሦስተኛው መስመር ላይ…