ቆጣሪው የዘለላት አራት ምት

ሰውየው ዕድሜ ልኩን ድራም መቺ ነው። ጓደኞቹ «ቆጣሪው» ይሉታል፤ ባንዱ ሰክሮም ይሁን አንቀላፍቶ እሱ ምት አይስትም፣ እንደ መብራት ቆጣሪ የመጣው ቢመጣ መቁጠሩን አይተውም ለማለት ነው። ቀን ቀን የሶፋ ልብስ ይቀይራል፣ ቅዳሜና እሑድ ጃዝ ይመታል። ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። አንድ አብሮ አደግም አለው፣ ትራምፔት ነፊ። «ያመለጠኝ አውቶቡስ» የምትባለውን ዜማ የደረሳት እንግዲህ ይህ አብሮ አደጉ ነው።

ዜማዋን አልሰማሁም የሚል ካለ ጆሮውን ይታይ። ሆቴል ብትገቡ አሳንሰሩ ውስጥ አለች። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ አፋችሁን ከፍታችሁ ትሰሟታላችሁ። ጀማሪው ሁሉ ጣቱን የሚያፍታታው በእሷ ነው፤ ስንቱ ባንድ አፍጥኖም አዘግይቶም ተጫውቷታል። ዝነኛ ያደረጋት ግን ዜማው ሳይሆን ዝምታው ነው። ፒያኖው ደምቆ ሳለ ሁሉም በድንገት ቀጥ ይላል፤ አራት ምት ምንም የለም፤ ከዚያ ድራሙ ይመለስና ሌላውን ይዞት ይነሳል። የሙዚቃ አስተማሪዎች ስለዚህች ቦታ ሰዓት ሙሉ ያስተምራሉ። ሰርግ ላይማ ሙሽሮች የሚሳሳሙት እዚያች ላይ ነው። ኤዲያ፣ ምን ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዜማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀዳችው ግድግዳው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ነበር። ድራሙ የሌላውን ድምፅ እንዳይውጥ ጥግ ላይ በፍራሽ ተከልሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ጥግ በቀር ክፍሉን ከቀጂው የሚለየውን መስታወት ፊት ለፊት የሚያይ ሰው አልነበረም። ከመስታወቱ ወዲያ ቀጂው መሣሪያው ላይ አጎንብሷል። ትራምፔት ነፊው ተራውን ጨርሶ የፒያኖውን ለመስማት ቀስ ብሎ ወደዚያ ወጣ። የቆጣሪው ሚስት ምሳ ይዛላቸው መጥታ እዚያው ቆማለች። በሻሿ የትራምፔት ነፊውን አንገት ላብ ጠረገችለት። ይሁን፣ እንደ ወንድም ነው እንበል። እሱ ግን እጇን ያዘና መዳፏን ሳመው፤ እሷም እጇን መሰብሰቧ ቀርቶ ጉንጩን ዳበሰችው።

ቆጣሪው ክው አለ። ዱላዎቹ አየር ላይ ቀሩ። ፒያኖ ተጫዋቹ ምልክት የሰጠው መስሎት ቆመ፣ ባሱም ቆመ። ድምፁ ሲጠፋ ሁለቱ ደንግጠው ዞሩ፤ ቆጣሪው ግን ቀድሟቸው ዓይኑን ድራሙ ላይ ጥሏል። ከዚያ እጁ በልማድ ወረደ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሲጨርሱ ቀጂው እንደገና ይቀዳ አለ። ትራምፔት ነፊው እየሮጠ ገባና «እንዳትነኳት፣ ይህቺ እኮ ናት ነፍሷ» አለ።

ቆጣሪው ነገሩን ዋጠው። ልጆቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ቤቴ ከሚፈርስ የእኔ አንጀት ይረር አለ። እኔ እንዳላየ ከሆንኩ እነሱም አፍረው ይተዉታል ብሎ አመነ። ትዳሬን ያተረፍኩት እኔ ነኝ እያለ በሆዱ ይኮራ ነበር፣ የዋህ። ዜማዋን በመታ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ዱላውን አንስቶ ያንን መዳፍ ያያል፣ ሰው ያጨበጭባል። እንዲህ ያለ ኑሮ ለጠላትም አይስጥ።

ዘንድሮ ዜማዋ የተቀዳችበትን ቀን ለማክበር ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ዝግጅት ተደረገ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መድረክ ላይ፣ ሚስት ከፊት ወንበር። ጋዜጠኛዋ ስለዚያች ዝምታ ጠየቀች። ትራምፔት ነፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ያሰብኳት እኔ ነኝ። ወንድሜን እዚህ ጋ ቁም አልኩት፣ ቆመልኝ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሚስትም አጨበጨበች።

የቆጣሪው ደም ፈላ። መጫወት ጀመሩ፤ ቦታዋ ስትደርስ ሁሉም ቆመ፣ እሱ አልቆመም። አራቱንም ምት እየደበደበ አለፈ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንዱ በሐዘኔታ «አይ ሽማግሌው፣ ረሳው» አለ። እንዴት አድርጎ ይርሳው?

ቤት ገብተው በሩ እንደተዘጋ ሚስቱ ኮቷን ሳታወልቅ፣ «በሰው ፊት አዋረድከው» አለችው።

«እኔ ነኝ ያዋረድኩት? ያን ቀን ለምን እንደቆምኩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ያኔውኑ ጓደኛህ ነግሮኛል። አይቶናል፣ ግን ትንፍሽ አይልም፣ አውቀዋለሁ አለኝ።»

ቆጣሪው ግድግዳውን ተደገፈ። ብቻውን የተሸከመ የመሰለውን ለካ ሁለቱም ያውቁት ኖሯል።

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም ብላችሁ ታዩኝ ነበር?»

«እያወቅክ ዝም ስትል የፈቀድክልን መሰለን።»

«መሰለን? እስከ መቼ ነው የመሰላችሁ?»

«እሱ እስኪያገባ» አለች።

ልጆቹ ያን ጊዜ ትልልቅ ሆነው ነበር። በዚያ ሰርግ ከሙሽራው ጎን ሚዜ ሆኖ የቆመው ቆጣሪው ራሱ ነው።

«ሙሽሮቹ ሲገቡ አለቀስሽ» አላት። «መሐረቤን አውጥቼ የሰጠሁሽ እኮ እኔ ነኝ። ደስ ብሏት ነው ብዬ።»