የጓሮ በር

መርሳ ላይ ጦርነቱ እንደደረሰብን የገባኝ፣ ከወልድያ የሚመጣው ባጃጅ ሁሉ ሰው ጭኖ ሲያልፍ አንድም ሲመለስ ያላየሁ ጊዜ ነው። ልጄን አንጠልጥዬ በውርጌሳ በኩል ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን ከተፈናቃዮች መጠለያ ስንደርስ፣ ለድንኳን መትከያ ገመድ ወጥረው ኖራ ይነሰንሱ ነበር። የኖራው ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወዳደግሁባት ወደ ግራና ወሰደኝ።

በደርግ ጊዜ ከየሸንተረሩ ሰብስበው አዲስ መንደር ሲያሰፍሩን መሬቱ እንዲሁ ነበር የተሰመረው። ካድሬው፣ «እንደ ዋና ከተማ በፕላን ትኖራላችሁ!» አለን። ቤቱ ሁሉ አንድ ልክ፣ በሩ ሁሉ ወደ መንገድ ነው። እናቴ ግን ሳትውል ሳታድር የጓሮውን ግድግዳ በመጥረቢያ ቆርጣ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ እመት ዘሀራ ቤት ሌላ በር አወጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፕላኑን አበላሸሽው እኮ!» ብሎ ጮኸባት ካድሬው።

«ታዲያ ጌታዬ፣ ምጥ ሲይዘኝ መንገዱን ልጥራው?» አለችው።

ሰው ሳቀ፤ እሱንም ሳቅ አመለጠው። እኔ ምጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና፣ መንገድ ሲጠሩት ይመጣ ይሆን ብዬ ደጅ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ደግ ነገር ባወራች ቁጥር፣ እመት ዘሀራ በጓሮው በር በኩል «አልሀምዱሊላህ» ትላት ነበር።

አሁን ድንኳናችን ተተክሎልናል። በግራም በቀኝም ያሉትን ሰዎች አላውቃቸውም።

«እማዬ፣ እዚህም ይመጣሉ?» አለችኝ ልጄ።

«አይመጡም። ደርሰናል ልጄ፣ ተርፈናል» አልኳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከጎን ሆኖ «አልሀምዱሊላህ» የሚለኝ ሰው ግን አልነበረም።