መንገደኛው የማያውቀው ኬላ

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ አብዲ በአንድ ግድያ ላይ ያየውን በመመስከሩ ሊገድሉት የሚያሳድዱት ሰዎች ተነሡና፣ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ወደ ኬንያው ተሻገርን። እሱ ኡራን የሚባል ገጠር ወርዶ የሰው ግመል ጠባቂ ሆነ፤ እኔ እዚያው ኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ቅርብ ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በጠራ ቀን የእናታችን ቤት ጣሪያ ይታየኛል፤ መሄድ ግን አልችልም።

አከራዬ ማማ ሐሊማ «ካዚሽ ምንድነው?» ብለው ሥራዬን ጠየቁኝ።

«ሩቅ አገር በተከራየናቸው ኮምፒውተሮች መልእክት አከፋፍላለሁ፤ አንዱ እንዳይጨናነቅ።»

«አንቺም ተከራይ፣ ኮምፒውተሩም ኪራይ! እናንተ ዘንድ የራሱ ነገር ያለው ማነው?»

ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ ከስልኬ ላይ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። አለቃዬ ሙስጠፋ የከብት ነጋዴዎችና እረኞች ከቤተሰብ የሚጻጻፉበት አገልግሎት አለው። አንድ ቀን «መልእክቱ ሁሉ በሁለት ፈታሽ ማሽኖች ይለፍ፤ ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር የሚባለውን አከፋፋይ አድርጊና ያካፍላቸው። ላኪው ግን እንዳይታወቀው» አለኝ። ኬላ በሉት፤ መንገደኛው ማለፉን የማያውቀው፣ አድራሻው ግን ሳይነካ የሚያልፍበት። ቫይረስ ለማጣራት ነው ሲለኝ አመንኩት።

ሦስት ቀን ታገልኩ። መልእክቱ በአንዱ ፈታሽ ሄዶ መልሱ በሌላው ሲመጣ፣ ሁለተኛው አላውቅህም ብሎ ይጥለዋል። በመጨረሻ መሄጃና መመለሻውን በአንዱ ፈታሽ ብቻ አደረግሁትና አብዲን ለሙከራ «ጻፍልኝ» አልኩት።

የእኛ ሰው ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ከየትኛው ኤላ፣ ከየትኛው የውሃ ጉድጓድ፣ ከብቱን እንደሚያጠጣ ሳይናገር ሰላምታው አይሞላለትም። አብዲም እንደ ወጉ ጻፈ። ፈታሹን ስከፍት፣ የኤላው ስም ከስልክ ቁጥሩ ጋር ቃል በቃል ተቀምጧል።

«ሙስጠፋ፣ ይሄን ማነው የሚያነበው?»

«አንቺ አካፍዪ እንጂ አታንብቢ።»

«በአላህ ንገረኝ።»

«ከድንበሩ ማዶ ማን የት እንዳለ የጠየቁ ሰዎች አሉ። ቅጂው በራሱ ይደርሳቸዋል፤ የዛሬውም ደርሷል።» ፈገግ አለ። «ጎበዝ፣ አሁን በደንብ ይሠራል።»

ወጥቼ ለአብዲ ደወልኩ።

«ኤላውን ለምን ጻፍክ?»

«ሳልጽፍ ምኑን ሰላም አልኩሽ?» ብሎ ሳቀ። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ «ከላክሁት ስንት ሰዓት ሆነው?» አለኝ።

«ሁለት።»

መስመሩ ተቋረጠ። የግመሎቹ ባለቤት በኋላ እንደነገሩኝ፣ አብዲ ቁጥሩን የሚከታተሉት ወደዚያ እንዲሳቱ ስልኩን ሳያጠፋ ወደ ኢሲዮሎ ከተማ ለሚሄድ የሎሪ ሹፌር ሰጠው። ግመሎቹን አስረከበና፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ሎሪው ከሄደበት በተቃራኒው አቅጣጫ በእግሩ ሄደ።