ሃምሳ አለቃው ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ዕለት

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የግቢዬን አንድ ክፍል ለመንገድ ሥራ ለመጣ ወጣት አከራየሁ። ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ደጋ ነው የመጣው። ቁልፉን ተቀብሎኝ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ሲለኝ አነጋገሩ ቆም አደረገኝ። ያንን ዜማ እዚሁ ራቤል የሰማሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከአንድ ወታደር አፍ።

የደርግ ዘመን ሊያበቃ ተቃርቦ ጦርነቱም ወደ እኛ አገር እየቀረበ ነበር። መስቀል እንዳለፈ ጦር መጣና ትምህርት ቤታችን ሰፈሩ ሆነ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ደብተሬን አጥፌ ቤት ዋልኩ። ክፍሎቹ ያልበቋቸውን ወታደሮች የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ለቤት ደለደላቸው። ለእኛም ሁለት ደረሱን። እናቴ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ባለችበት ቤት ወታደር አይገባም ብላ ብትሟገት የሰማት አልነበረም።

አንደኛው የቆላ ልጅ ነበርና ብርዱን አልቻለውም፤ ከጓሳ ተራራ በኩል ነፋሱ ሲነሳ ጋቢ ተከናንቦ ምድጃ ሥር ይቀመጣል። ሁለተኛው ማርቆስ ይባላል። የደጋ ሰው ስለሆነ ብርዱ ብርቁ አልነበረም። ገብሳችንንም ያውቀዋል። ቆሎውን ሲበላ ጥቂት በመዳፉ ይዞ ያየውና ይኼኛው እኛም ጋ አለ፣ ይኼኛው የለም እያለ ይለያል። አባቴን የማረከው በዚህ ይመስለኛል። ውቂያ ሲደርስ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከአባቴ ጋር አውድማ ይውላል።

እናቴ ግን ቶሎ አልተሸነፈችም። አንድ ቀን ኩበት ስትጠፈጥፍ ቆሞ ሲያያት ቆየና በአገሩ ይህ ለእርሻ ማዳበሪያ እንደሚውል ነገራት።

«እናንተ መሬቱን ነው የምታነዱት» አላት።

ታዲያ በአገርህ ምን ታነዳላችሁ ብትለው እንጨት አላት። እናቴ ሳቀች። ያኔ ባሕር ዛፉ እንዳሁን አልበዛም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በቀር ዛፍ የሚባል ነገር ለማየት ብዙ መሄድ ነበረብን። ከዚያ ወዲህ ታናግረው ጀመር። እምነቱ ከእኛ የተለየ ቢሆንም ረቡዕና ዓርብ አብሮን ይጾማል። እናቴ ለምን ብትለው ቤቱ ሲጾም እንግዳው አይበላም አላት።

በእኔና በእሱ መካከል ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበርና ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ከመጽሐፌ የቀሩትን የሒሳብ ጥያቄዎች እንሠራለን። እሱ ይፈጥናል፤ እኔ አልሳሳትም። አንዳንድ ቀን እጁን አይ ነበር። ጥፍሮቹ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበሩ።

በጥር ወር በአንድ እሑድ ቅዳሴ ተፈቶ ቤት እንደገባን ሦስት ሰዎች ደጃፋችን መጥተው ቆሙ። ሁለቱ ተራ ወታደሮች ናቸው። ፊት የቆመው የማርቆስ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ፀጉሩ ገባ ገባ ያለ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው። አባቴ ግቡ ቢላቸው ለሽማግሌነት ስለመጡ ጉዳያቸው ሳይሰማ እንደማይቀመጡ ነገረው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። እናቴ የያዘችውን ወንፊት ቀስ ብላ አስቀመጠች።

እኔን ለማርቆስ እንደሚለምኑ ሲነግሩት አባቴ እንደ አገራችን ወግ የማን ልጅ ነው፣ አባቱ ማን፣ አያቱ ማን ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ወታደሮች መሬት መሬት አዩ። ሃምሳ አለቃው ግን ድምፁን ሳይቀይር መለሰ።

«አባቱን አላውቃቸውም። እኔና እሱ ስምንት ወር አንድ ምሽግ ውስጥ ኖረናል። ውሃ ባለቀብን ቀን የኮዳውን ለቁስለኛ ሰጥቶ ሲውል አይቻለሁ። ከዚህ ሌላ አጥንት ልቆጥርልዎ አልችልም፣ አባቴ።»

አባቴ መደቡን በእጁ ጠረገ። ከዚያ ተቀመጡ አላቸው፤ ጠላም ተቀዳላቸው። ቃሉን በሳምንቱ ሊሰጥ ቀጠራቸው።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። ወታደር የመንገድ ሰው ነው፣ ልጄን የት ብዬ ነው የምጠይቃት አለች። እኔ እንደ ሁሉም ልጅ አባቴና እናቴ ተመካክረው የሚጨርሱት ጉዳይ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ከአባቴ ጋር ገብስ ጎተራ ስናስገባ ስልቻውን መሬት አውርዶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

በሕይወቴ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። አፌ የለመደውን አወጣሁ።

«እርስዎ እንደፈቀዱ።»

«የኔንማ አውቀዋለሁ። የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

መሬት የፈሰሰውን ገብስ እለቅም ጀመር። ጥቂት ጠበቀኝና ስልቻውን መልሶ ተሸከመ።

ሐሙስ ጠዋት ጦሩ እንዲነሳ ትእዛዝ መጣ። ማርቆስ የእናቴን ጉልበት ስሞ ተሰናበተ፤ አባቴ በሶ በከረጢት ሰጠው። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ጨበጠና ቆመ። የሚባል ነገር ከነበረ የሚባልበት ጊዜ ያ ነበር። እኔ ግን ቀጠሮው እሑድ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በእርግጥ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። እሱም ለመልሱ እንዳልቸኩል፣ ሲመለስ እንደሚሰማው ነግሮኝ ወደ መኪናው ሄደ።

አልተመለሰም። ይሙት፣ ይማረክ፣ አገሩ ይግባ የሰማሁት የለም። በዓመቱ ገደማ መንግሥቱም ወደቀ፣ ጦሩም ተበተነ። እኔ ከሦስት ዓመት በኋላ ዘመሮ ከተማ የሚያስተምር ሰው አገባሁ። ደግ ሰው ነበር፤ አምስት ልጆች ወለድኩለት፣ ቀበርኩትም። የቀረብኝ ነገር አለ ብዬ አላለቅስም። ለማርቆስ እሺ እል እንደነበርም አላውቅም፤ እምቢ ልል እችል ነበር። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ልቤ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ቆሜ አልሰማሁትም።

ዛሬ ልጆቼ ስለ መሬቱም፣ ስለ ትዳራቸውም፣ ስለ ጎረቤት ጠብም ይጠይቁኛል። የመሰለኝን እዚያው እነግራቸዋለሁ፤ ብሳሳትም በኋላ አርማለሁ። እናታችን መልስ አታሳድርም እያሉ ይሳሳቃሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም።